ከቁምሳጥኑ ጀርባ

(በአንድ የጤና ውይይት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አላችሁ። ደክሟችሁም ቢሆን ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ውስጥ ሻጋታና ስለ ሳንባችን ነው። ግን ከአንድ ቁምሳጥን ልጀምር።

ልጄ ሦስት ዓመቱ ላይ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረ። ቀን ደህና ነው፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ደረቅ ሳል ይነሳበታል። አንዳንዴ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። ሽሮፕ ሰጠሁት። ብርድ መስሎኝ ደራርቤ አለበስኩት። ነፋስ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ፤ መስኮቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ሳሉ ባሰበት።

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ከሳንባ ሕሙማን ጋር ነው። እንዲያም ሆኖ የልጄን ሳል ከግድግዳ ጋር አላያያዝኩትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ መጫወቻ መኪናው ከቁምሳጥኑ ሥር ገባችበት። አልወጣ ስትለኝ ቁምሳጥኑን ገፋ አደረግኩት። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። ጠጋ ብዬ ሳየው አንድ ወጥ ጥቁረት አይደለም። ትንንሽ ክብ ነጠብጣቦች ናቸው፤ መሀላቸው ጥቁር፣ ዳር ዳራቸው ግራጫና አረንጓዴ። አንዱ ክብ ከሌላው ጋር እየተገናኘ ነው የጠቆረው። በጣቴ ስነካው ልስኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ጫን ስለው ተፈረፈረ። የቁምሳጥኑ የጀርባ ጣውላ ላይ ደግሞ ስስ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሏል። ሽታው የታፈነ፣ እርጥብ አፈርና አሮጌ ወረቀት የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ያ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ለወራት ነበር። ለምደነው ነው እንጂ።

የልጄ ትራስ ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

እንግዲህ ሻጋታ ምንድን ነው? ፈንገስ ነው። ክር በሚመስሉ ቀጫጭን አካሎቹ ያረፈበት ነገር ውስጥ ገብቶ ይመገባል። ግድግዳው ላይ የምናየው ጥቁርና አረንጓዴ ዱቄት ዘሩ ነው፤ ስፖር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1729 ሚኬሊ የሚባሉ የፍሎረንስ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ይህን ዱቄት የተቆረጠ ፍሬ ላይ አድርገው አዲስ ሻጋታ ሲበቅል አሳይተዋል። ያኔ ብዙ ሰው ሻጋታ ከብስባሽ ዝም ብሎ የሚፈጠር ይመስለው ነበር። አስፐርጂለስ ለሚባለው የሻጋታ ዓይነት ስሙን ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ቅርጹ ካህናት ጠበል የሚረጩበትን ዕቃ ስላስታወሳቸው ነው ይባላል። ዛሬም የሳንባ ሐኪሞች ያንን ስም በየቀኑ ይጠሩታል።

ሻጋታ በራሱ ጠላታችን አይደለም። የወደቀ ቅጠልና የሞተ እንጨት ወደ አፈር የሚመለሰው በእሱ ነው። ፔኒሲሊንም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ከሻጋታ ነው። ስፖር የሌለበት አየር ደግሞ የለም። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እያወራን እየተነፈስነው ነው። ስለዚህ ስፖርን ከቤት ጨርሶ ማጥፋት የማይሆን ነገር ነው። ደረቅ ግድግዳ ላይ ያረፈ ስፖር ምንም አያደርግም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? ውሃ።

ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፤ የቤት ሻጋታ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም፣ የውሃ ጉዳይ ነው። ምግብማ ሞልቶለታል። የልስን ቀለም፣ ወረቀት፣ ጣውላ፣ ጨርቅ፣ አቧራ፣ ሁሉንም ይበላል። እኛን የሚመቸን ሙቀት ለእሱም ይመቸዋል። የሚጎድለው እርጥበት ብቻ ነው። የረጠበ ምንጣፍ ወይም ኮርኒስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ሁለት ቀን ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ "እኔ ቤት ጣሪያ አያፈስ፣ ቧንቧ አልፈነዳ፣ ውሃው ከየት ይመጣል?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ከእኛው ነው። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን 10 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል። አንድ ባልዲ ውሃ በየቀኑ ቤታችን ውስጥ እንረጫለን እንደማለት ነው። መውጫ ካለው ችግር የለውም። መስኮት ከተጠረቀመና በሩ ሥር ጨርቅ ከተወተፈ ግን የት ይሂድ?

ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ አይችለውም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል። በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አይዘልም። የተረፈው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ጠዋት የመኝታ ቤት መስታወት የሚያልበው ለዚህ ነው። መስታወት ላይ ስለሚታየን እንወለውለዋለን። ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ ከግድግዳ ማዕዘን ላይ ያለውን ላብ ግን ማንም አያየውም። እዚያ አየር አይዘዋወርም፤ የክፍሉ ሙቀትም አይደርስም። ደግሞ ሻጋታ የግድ ጠብታ ውሃ አይፈልግም። ግድግዳውን የነካው አየር እርጥበቱ 80 በመቶ ሆኖ ቀናት ከቆየ ይበቃዋል።

የልጄ ክፍል ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሳሉን ፈርቼ ክፍሉን ባሸግኩት ቁጥር እርጥበቱን አብሬ አሽገዋለሁ።

ወደ ሳንባው ልምጣ። ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይተነፍሳል። የብዙ ሻጋታ ስፖር መጠን ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። የራስ ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው ብላችሁ አስቡ። ትልልቆቹን አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሯቸዋል። ትንንሾቹ ግን ወደ ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች ይዘልቃሉ። ስፖር ብቻም አይደለም። የክሮቹ ስብርባሪ አለ፣ ከስፖር ያነሰ። ያንን የታፈነ ሽታ የሚሰጡት ጋዞችም አሉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያም ይራባል፤ እርጥበት ባለበት የአቧራ ተባይም ይበዛል። የእርጥብ ቤት ነዋሪ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚተነፍሰው።

የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ይህን እንደ ወራሪ ያየዋል። አለርጂ የምንለው ነው። አፍንጫ ይዘጋል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያሳክካል። አስም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የአየር ቱቦው ግድግዳ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ይጨብጡታል፣ አክታ ይሞላዋል። በቀጭን ቀሰም ለመተንፈስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አስም የተነሳበት ልጅ ስሜቱ እንደዚያ ነው። አየሩ ሲገባ ያን ያህል አያስቸግርም፤ መውጫው ነው የሚጠብበት። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። አለርጂ የሌለበትም ሰው ቢሆን ጉሮሮው ሊቆጣና ሊያሳልበት ይችላል።

አልፎ አልፎ ከዚህ የከበደ አለ። ሻጋታን ደጋግመው የሚተነፍሱ አንዳንድ ሰዎች የሳንባቸው ሥጋ ራሱ ይቆጣል። የሻገተ ድርቆሽ የሚነካኩ ገበሬዎች ላይ ጥንት የታወቀ በሽታ ነው። ከነካኩ ከሰዓታት በኋላ እንደ ጉንፋን ያተኩሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ላይ ጠባሳ ይተዋል። በሽታ የመከላከል አቅማቸው በጣም የወረደ ሰዎች፣ ለምሳሌ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ አስፐርጂለስ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ሊያድግባቸው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ድኖ ክፍተት ጥሎባቸው የሄደ ሰዎችም ክፍተቱ ውስጥ ይህ ፈንገስ ሊኖርባቸው ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ካለ ሻጋታውን እሱ አይንካው።

ማስረጃው ምን ያህል ነው የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል። እርጥብ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ የመተንፈሻ አካል ሕመምና አስም እንደሚበዛ ይናገራል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ ታትሞ ነበር። እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የመተንፈሻና የአስም ችግሮች ከ30 እስከ 50 በመቶ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። በፊንላንድ ኤስፖ ከተማ ደግሞ 1,900 ያህል ሕፃናትን ስድስት ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ቤታቸው የሻጋታ ሽታ ከነበረው ልጆች መካከል አስም የያዛቸው በንጽጽር ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ሽታ ብቻ ነው የምላችሁ። አፍንጫችሁ የሚነግራችሁን አትናቁ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ክሊቭላንድ ጥናት ነው። ትንሽ ጥናት ነው። እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖሩ 62 አስም ያለባቸው ልጆች ተመረጡ። ሁሉም የአስም እንክብካቤ አገኙ። የ29ኙ ቤት ግን ተጨማሪ ነገር ተደረገለት። የሚያፈሰው ተደፈነ፣ ውሃ የበላው ልስንና ጣውላ ወጣ፣ የአየር መውጫው ተስተካከለ። ጥገናው ካለቀ በኋላ ቤታቸው ካልተጠገነው 33 ልጆች 11ዱ አስማቸው ተነስቶ ድንገተኛ ክፍል ወይም ሆስፒታል ገቡ። ቤታቸው ከተጠገነው 29 ልጆች ስንቱ? አንድ። ቤቱን መጠገን ራሱ ሕክምና ነበር።

ስለ "ጥቁር ሻጋታ" ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው በእሱ ስለሚሸበር። ጥቁር የሆነ ሁሉ ገዳይ መርዝ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ብዙ ዓይነት ሻጋታ ጥቁር ነው። በቀለም መለየት አይቻልም። አረንጓዴውም ነጩም አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ዓይነቱን ለማስመርመር፣ ስፖሩን ለማስቆጠር ገንዘብ አታውጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ያህል ስፖር ድረስ ደህና ነው የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ካያችሁት ወይም ከሸተታችሁ አለ ማለት ነው። ምርመራው አልቋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልሂድ። ሻጋታ ሲታይ የመጀመሪያው ምክር ሁሌ አንድ ነው፤ "ቀለም ቅቡት!" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ይኸው ነው። ውሃው ከጀርባ እየመጣ ነው፤ ቀለሙም ተጨማሪ ምግብ ይሆነዋል። ጥቂት ወር ቆይቶ ቀለሙን አስነስቶ ይወጣል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤት ግድግዳ ስለሚወጣ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ደዌ ተጽፏል። ለእኔ ሻጋታ ይመስለኛል። የሚያዘው ነገር ይገርማል። ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ደዌው ከሰፋ የተያዙት ድንጋዮች ወጥተው ይጣላሉ፣ ልስኑ ይፋቃል፣ በአዲስ ይተካል። ከዚያም ተመልሶ ከመጣ ቤቱ ይፈርሳል። ቅቡት አይልም።

እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ አንድ አባት በሚኖርበት የኪራይ አፓርታማ ሻጋታ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2017 አመለከተ። በላዩ ቀለም ቅባ ተባለ። በ2018 መጨረሻ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ሕፃኑ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሁለት ዓመት በሞላው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። በ2022 የሞት ምክንያት መርማሪዋ ሕፃኑን የገደለው ከባድ የመተንፈሻ አካል ችግር እንደሆነ፣ ያም የመጣው ለረጅም ጊዜ ከቤቱ ሻጋታ ጋር በመኖሩ እንደሆነ ወሰኑ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች እርጥበትና ሻጋታን በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ አለ። በሕፃኑ ስም "የአዋብ ሕግ" ይባላል። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ድምፄ ይሰበራል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉ። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ካያችሁ ከላይ የሚያፈስ አለ። ከወለሉ ተነስቶ እንደ ቀበቶ የዞረ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ያወጣ እርጥበት ከመሬት የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ማዕዘን ላይና ከዕቃ ጀርባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው እንፋሎት ነው። ካልለየላችሁ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ጠብቁ። ጠብታው ከክፍሉ በኩል ከሆነ ከአየሩ ነው። ከግድግዳው በኩል ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ፤ እሱ ባለሙያ ይፈልጋል።

የእንፋሎቱ መፍትሔ አየር ነው። ስታበስሉና ከታጠባችሁ በኋላ መስኮት ክፈቱ። ጠዋት ስትነሱ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከፍታችሁ አየሩ ለጥቂት ደቂቃ ይለፍ። ልብስ ውጭ ስጡ፤ መኝታ ቤት ውስጥ አታድርቁ። ዕቃ ከግድግዳ አንድ እጅ ያህል ራቅ ይበል። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ አለ። ካገኛችሁ የክፍሉ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይሁን።

ማጽዳቱን በተመለከተ፣ ቦታው ከአንድ ሜትር ካሬ ካልበለጠ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ኤን95 የሚባለው ማስክ አድርጉ። ልጆችና አስም ያለበት ሰው ከቤት ይውጡ። ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ስፖሩን ቤቱን ሙሉ ትበትኑታላችሁ። ጠንካራ ነገር ላይ ያለውን በሳሙናና በውሃ ፈግፍጋችሁ እጠቡና ፈጽሞ እስኪደርቅ አድርቁት። ፍራሽ፣ ኮርኒስ፣ ካርቶን ውስጥ ዘልቆ ከገባ ግን አይወጣም፤ ጣሉት። እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ስለሚያስነሳ መግደሉ ብቻ አይበቃም፤ መውጣት አለበት።

በረኪናን በተመለከተ አደራ እላችኋለሁ። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሻጋታ ሊያጸዱ ብለው ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

የታመመውን ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የአስም መድኃኒቱን ቤቱ እስኪጠገን ብሎ እንዳያቆም። ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሀል ወደ ውስጥ ከገባ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ ስለ ቤታችሁ ንገሩት። "ሌላ ቤት ሲያድር ይሻለዋል፣ ሲመለስ ይብስበታል" የምትለዋ ነገር በጣም ትጠቅመዋለች። የልጄ ጉዳይ የተረጋገጠልኝ በዚህ ነው። አያቱ ዘንድ አንድ ሳምንት ሲያድር አንድ ሌሊት እንኳ አላሳለም።

ንግግሬን ስጨርስ ኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "ቤቱ የኪራይ ነው። ግድግዳው ከመሬት ነው የሚረጥበው። ባለቤቱን ስነግረው መስኮት ስለማትከፍቱ ነው ይለኛል። ቤቷን አትይዝም ያለኝ ነው የሚመስለኝ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"እናቴ፣ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም" አልኳቸው። "ከመሬት የሚወጣ ውሃን መስኮት መክፈት አያቆመውም። ላስቲኩን ለጥፈው በሁለተኛው ቀን ፎቶ ያንሱት። ቀኑን ይጻፉበት። ለባለቤቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስጡት፤ ቅጂውን እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። ልጅዎ ታክሞ ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ያያይዙበት።"

ከዚያ "ልጅዎ የሚተኛው የት በኩል ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም" አሉኝ።

ወረቀት ላይ ክፍሉን አብረን ሳልነው። በሩ እዚህ፣ መስኮቱ እዚህ፣ እርጥቡ ግድግዳ እዚህ። ጠረጴዛው ወደ እርጥቡ ግድግዳ ቢሄድ፣ ከግድግዳውም አንድ እጅ ቢርቅ፣ አልጋው በሩ አጠገብ ይገባል። በስንዝር ለኩት። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና "ማታውኑ አዞረዋለሁ" ብለውኝ ሄዱ።